ላሚኔት የተደረገ ስቲከር ፕሎተሩ አልቆርጥ ሲል፦ ግፊት ከመጨመራችሁ በፊት

ፕሎተሩ፣ ማለትም ስቲከር ቆራጩ ማሽን፣ ሥራውን ጨርሶ ቆሟል። ጥፍራችሁን ሰክታችሁ የስቲከሩን ጠርዝ ስታነሱ ላሚኔቱ፣ ማለትም ከህትመቱ ላይ የተደረበው ግልጽ ፕላስቲክ፣ ብቻውን ተላጦ ይመጣል፤ ህትመቱ ያለበት ቪኒል ሳይነካ ቁጭ ብሏል። ወይ ግማሹ ተቆርጦ ግማሹ አልተቆረጠም። ወይ ደግሞ ቆረጣው ጥሩ ሆኖ መስመሩ ከሥዕሉ 3 ሚሊ ሜትር ሸሽቷል። በዚህ ጊዜ የአብዛኞቻችን ጣት የሚሮጠው ወደ አንድ ቦታ ነው፦ ግፊት መጨመር።

እኔ ግፊትን መጨረሻ ላይ መንካት የተማርኩት በኪሳራ ነው። ሥራው 60 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው የማር ጠርሙስ ክብ ስቲከሮች ነበር፤ ባለቤቱ በር ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። አልቆርጥ ሲለኝ ከ100 ግራም ወደ 140፣ ከዚያ ወደ 180፣ በመጨረሻ 230 አደረስኩት። ቆረጠ፤ ግን የጀርባውን ወረቀትም አብሮ ቆረጠ። ክቦቹ እንደ ሳንቲም መርገፍ ጀመሩ፣ አንዱ ተጫኝ ጎማው ሥር ገብቶ እዚያው ተለጠፈ፣ የቀረው ህትመት ተጣሞ ተበላሸ። የምላጩን መያዣ ፈትቼ ሳየው ጫፉ ላይ ፀጉር የምታክል የቪኒል ክር ተጠምጥማለች። ችግሩ እሷ ነበረች። እሷን በመርፌ አውጥቼ በ130 ግራም ስሞክረው ያለ ምንም ጣጣ ሄደ። ባለማሩ ግን ስቲከሩን የወሰደው በማግስቱ ነው።

ከዚህ በታች ያለው አሁን የምሄድበት ቅደም ተከተል ነው። ማሽናችሁ ሮላንድም ይሁን ግራፍቴክ፣ ወይም ስሙን ማንም የማያውቀው የቻይና ፕሎተር፣ ምላጩን እየጎተተ እስከቆረጠ ድረስ ነገሩ አንድ ነው።

የምትቆርጡት ነገር ስንት ንብርብር አለው?

ለስቲከር የምንጠቀምበት ተራ ቪኒል ብዙውን ጊዜ ከ70 እስከ 100 ማይክሮን ይወፍራል፤ ለመኪና የሚሆነው ካስት የሚባለው ወደ 50 ነው። ማይክሮን ማለት የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። በ80 ማይክሮን ቪኒል ላይ 75 ማይክሮን ላሚኔት ሲደረብ፣ የሁለቱ ሙጫ ተጨምሮበት ወደ 200 ማይክሮን ይጠጋል። ምላጩ የሚያልፈው ፕላስቲክ፣ ሙጫ፣ ፕላስቲክ፣ ከዚያ እንደገና ሙጫ ነው። መሃል ላይ ያለው ሙጫ ምላጩን ይይዘዋል፣ ይጎትተዋል፣ ጫፉ ላይም ይጋገራል። ትናንት ተራ ስቲከር ያለ ችግር የቆረጠ ምላጭ ዛሬ የሚያቅተው በውፍረቱ ብቻ ሳይሆን በዚህም ጭምር ነው።

የላሚኔቱም ዓይነት ይለያያል። የፒቪሲው ለስላሳ ነው። ፖሊስተር ከሆነ ቀጭን ቢሆን እንኳን ይጠነክራል። ወለል ላይ ለሚለጠፍ ስቲከር የሚሠራው ሻካራ ላሚኔት ደግሞ ምላጭ ይበላል፤ ለእሱ የተለየ ምላጭ አስቀምጡ።

1. ጉድለቱ ማንን እንደሚከተል ለዩ

ማሽኑን ከመፍታታችሁ በፊት ይህችን አድርጉ፤ አሥር ደቂቃ አትፈጅም። ከዚያው ከተበላሸው ላሚኔት ትራፊ ላይ፣ በማሽኑ ሙሉ ስፋት፣ 10 ሚሊ ሜትር የሆኑ ካሬዎችና ክቦች በአንድ ረድፍ አስቆርጡ። ከመቁረጣችሁ በፊት ትራፊው ላይ በማርከር ቀስት ሥሩ፣ ወደ እናንተ የሚያመለክት። ካስቆረጣችሁ በኋላ አውጥታችሁ ቀስቱ ወደ ማሽኑ ጀርባ እንዲያመለክት አዙራችሁ ጫኑትና ባልተቆረጠው በኩል ያንኑ ረድፍ ድገሙት። አሁን ሁሉንም ካሬ ንቀሉ።

መጀመሪያ ላይ በግራ በኩል ያሉት አልተቆረጡም እንበል። ወረቀቱ ከዞረም በኋላ ያልተቆረጡት በማሽኑ ግራ ያሉት ከሆኑ ጥፋቱ የማሽኑ ነው፤ ከምላጩ ሥር ያለውን ጥብጣብና ጎማዎቹን ፈትሹ። ወረቀቱ ሲዞር ጉድለቱም አብሮ ወደ ቀኝ ከዞረ ግን ማሽኑን ተዉት፣ ችግሩ ላሚኔሽኑ ላይ ነው። የትም ቦታ ሆኖ ማዕዘን ማዕዘኑ ብቻ ካልተቆረጠ ምላጩ ወይም ኦፍሴቱ (ቁጥር 4 ላይ አለ) ነው። ሲጀምር ጥሩ ሆኖ እየቆየ የሚብስ ከሆነ ጫፉ ላይ ቆሻሻ እየተጠራቀመ ነው፣ እንደ እኔዋ ክር።

አንድ ተጨማሪ ሙከራ፦ ላሚኔት የሌለበት ተራ ቪኒል በዚያው ምላጭ አስቆርጡ። እሱንም ካበላሸ ላሚኔቱን አትውቀሱት።

2. ምላጩን አውጥታችሁ እዩ

በዓይን ብቻ ማየት አይበቃም። የስልካችሁን ካሜራ ከፍታችሁ አቅርቡትና ምላጩን በነጭ ወረቀት ላይ አጋድማችሁ ፎቶ አንሱት። ጫፉ ሹል ሆኖ መታየት አለበት። ጫፉ ጠፍጠፍ ካለ፣ ወይም ነጥብ የምታክል ብርሃን ካብለጨለጨ ተሰብሯል፤ ሞርዶ ለማዳን አትድከሙ፣ ቀይሩት። የመያዣውን የመሃል ቀዳዳ በመርፌ ጥረጉ። ምላጩ በመያዣው ውስጥ በጣት ሲነካ እንደ ልቡ መዞር አለበት። ካልዞረ ክቡ መነሻው ላይ ተመልሶ አይገጥምም፣ ማዕዘኑም ይንሻፈፋል። ካጸዳችሁት በኋላ አንዲት ጠብታ የስፌት ማሽን ዘይት ትበቃዋለች፤ ከዚያ በላይ ከሆነ አቧራ ይሰበስባል።

ቀጥሎ የምላጩ ማዕዘን። ለተራ ስቲከር የምንጠቀመው ባለ 45 ዲግሪ ነው። ለላሚኔት ባለ 60 ዲግሪውን እመርጣለሁ፣ ወፍራም ነገር ውስጥ ቀጥ ብሎ ይገባል። ገበያ ላይ በብዛት ያሉት የሮላንድ ዓይነት ምላጮች ቀይ ቆብ ያለው 45፣ ሰማያዊው 60 ናቸው፤ ሆኖም ሻጭ የሚቀላቅልበት ጊዜ ስላለ ማሸጊያው ላይ ያለውን አንብቡ። ደርዘኑን በርካሽ የሚሸጡት ምላጮች ለተራ ቪኒል ይሆናሉ። ለላሚኔት ግን ሁለት ቀን ሳይሞላቸው ስለሚደክሙ ቁጠባው ቁጠባ አይሆንም።

አሁን ብዙ ሰው የሚያልፈው ነገር፦ ምላጩ ከመያዣው ምን ያህል ወጥቷል? የባንክ ካርድ ውፍረት 0.76 ሚሊ ሜትር ነው። ካርዱን ከመያዣው አፍ ጎን አስጠግታችሁ ስታዩ ምላጩ ከካርዱ ውፍረት ግማሽ ያነሰ መውጣት አለበት። ማረጋገጫው በእጅ ነው። መያዣውን ከማሽኑ አውጡ፣ እንደ እስክሪብቶ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፣ ትራፊው ላይ ጫን ብላችሁ 5 ሴንቲ ሜትር ጎትቱ። ላሚኔቱና ቪኒሉ ተቆርጠው የጀርባው ወረቀት ከተጫረ ብቻ ልክ ነው። የቱንም ያህል ብትጫኑ ወረቀቱን መብሳት የለበትም፤ ከበሳ ምላጩ በዝቶ ወጥቷል፣ ሩብ ዙር እያላችሁ መልሱት። ላሚኔቱን ብቻ ከቆረጠ አንሷል። ይህ ከተስተካከለ ግፊቱ ትንሽ ቢበዛ እንኳን ወረቀቱን በስቶ አይወጣም፣ ምክንያቱም የመያዣው አፍ ላሚኔቱ ላይ ያርፋል።

3. ከምላጩ ሥር ያለው ጥብጣብ

ምላጩ በሚሄድበት መስመር ሥር ነጭ የፕላስቲክ ጥብጣብ ተለጥፏል። በጥፍራችሁ ከዳር እስከ ዳር እየዳበሳችሁ ሂዱ። ጥፍራችሁ ጎድጎድ ያለ ቦታ ላይ ከገባ፣ እዚያ ቦታ ላይ ምላጩም ይገባል፤ ስቲከሩ ወደ ታች ይሰምጥና ሳይቆረጥ ያልፋል። በመጀመሪያው ሙከራ «ሁልጊዜ በማሽኑ ግራ» የሚል መልስ ያገኘ ሰው ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚህ ጋ ነው የሚያልቅለት። ጥብጣቡ ይላጣል፣ አዲስ ይለጠፋል። ለጊዜው ካላገኛችሁ ሥራውን ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ አሽሹት። እኔ 230 ግራም ባደረስኩባት ቀን ጥብጣቡንም አርሼው ኖሮ፣ ከዚያ በኋላ ለሳምንት ተራ ስቲከር እንኳን በዚያች መስመር አልቆርጥ ብሎኝ ነበር።

4. አሁን ወደ ቁጥሮቹ

ተራ ቪኒል በ80 ወይም በ100 ግራም የሚቆርጥ ማሽን ላሚኔቱን ከ120 እስከ 180 ባለው ውስጥ መቁረጥ አለበት። የማሽኑ ቁጥርና እውነተኛው ግራም በርካሾቹ ፕሎተሮች ላይ ሁልጊዜ አይገጥምም፤ ስለዚህ ተራውን ከቆረጠላችሁ ቁጥር ተነስታችሁ በ10 እየጨመራችሁ ሂዱ። በየጊዜው አንድ ካሬ አስቆርጣችሁ ንቀሉ። መቆሚያችሁ ይህ ነው፦ ካሬው ሲነቀል የጀርባው ወረቀት ላይ ስስ መስመር በዓይን ይታያል፣ ጥፍር ግን አይይዘውም። ወረቀቱን ገልብጡት፤ በጀርባ በኩል መስመሩ ጎልቶ ከወጣ ግፊቱ በዝቷል።

ፍጥነቱን ቀንሱ። ለተራ ቪኒል በሴኮንድ 300 ሚሊ ሜትር የምትሄዱ ከሆነ ለላሚኔት ከ100 እስከ 150 ይበቃል። ትንንሽ ፊደል ካለበት ከዚያም በታች። ደንበኛ በር ላይ ሲቆም ፍጥነት መቀነስ እንደሚያናድድ አውቃለሁ፤ እንደገና መቁረጥ ግን ይብሳል።

ኦፍሴት ማለት የምላጩ ጫፍ ከመሃሉ የራቀበት ልክ ነው። ለባለ 45 ዲግሪው ብዙውን ጊዜ 0.25 ሚሊ ሜትር፣ ለባለ 60ው ብዙ ጊዜ 0.5 ነው፤ ምላጭ ቀይራችሁ ኦፍሴት መቀየር ከረሳችሁ ካሬው ካሬ አይሆንም። ማዕዘኑ ከተድቦለቦለ ኦፍሴቱ አንሷል። ማዕዘኑ ላይ ቀንድ የምትመስል ትርፍ ከወጣች በዝቷል። በ0.05 እየነካካችሁ አስተካክሉ። ማሽናችሁ ወይም ሶፍትዌሩ መስመሩን ከመነሻው ትንሽ አሳልፎ የመቁረጥ ምርጫ ካለው ግማሽ ሚሊ ሜትር ስጡት፤ ክቦቹ መዝጊያቸው ላይ በአንዲት ክር ተይዘው አይቀሩም።

ይህ ሁሉ ሆኖ አሁንም ካልዘለቀ፣ በአንድ ጊዜ በ200 ከመጫን በ120 ሁለት ጊዜ ማስኬድ ይሻላል። ግን ስቲከሩ ካልተንሸራተተ ብቻ ነው፤ ከተንሸራተተ ሁለት መስመር ይወጣላችኋል።

5. ላሚኔሽኑ ራሱ

ስለዚህ ብዙ እጽፋለሁ፣ ምክንያቱም ፕሎተር ላይ የሚታየው ችግር ብዙ ጊዜ የሚወለደው ከአንድ ቀን በፊት ላሚኔተሩ ላይ ነው።

በኢኮ ሶልቨንት፣ ማለትም በኬሚካል ማሟሟያ በተሠራ ቀለም፣ የታተመ ቪኒል እጅ ላይ ስላልነካ ደረቀ ማለት አይደለም። ሶልቨንቱ ፕላስቲኩ ውስጥ ሰርጎ ገብቷል፣ ለመውጣትም ጊዜ ይፈልጋል። ቢያንስ 24 ሰዓት ስጡት። ጥቁር ወይም ጥቁር ሰማያዊ ቀለም ጥቅጥቅ ብሎ የታተመበትን፣ በተለይ በክረምት አየሩ ሲቀዘቅዝና ሲረጥብ፣ 48 ሰዓት እጠብቃለሁ። ጠበቅ ብሎ የተጠቀለለ ጥቅል ሦስት ቀን ቢቀመጥም መሃሉ አይደርቅም፤ ላላ አድርጋችሁ አቁሙት ወይም ዘርጉት። አፍንጫችሁን ወደ ጥቅሉ ዳር አስጠጉ፤ የሶልቨንት ሽታ ከጠነከረ ላሚኔቱን አታልብሱት። በላቴክስ ቀለም የታተመ ከሆነ ይህን ሁሉ መጠበቅ አያስፈልግም።

ሳይደርቅ ላሚኔት ከተደረገ ሶልቨንቱ መውጫ ያጣና ሙጫውን ያላላዋል። ፕሎተሩ ላይ የሚታየው እንዲህ ነው፦ ምላጩ ይቆርጣል፣ የተቆረጠው መስመር ግን ከኋላው ተመልሶ ይጣበቃል፤ ስትነቅሉ ሙጫው እንደ ክር ይሳባል፣ የላሚኔቱ ጠርዝ ከህትመቱ ይነሳል። ይህን ምንም ግፊት አያድነውም።

ላሚኔት ካለበሳችሁትም በኋላ ወዲያው አትቁረጡት። ሙጫው በደንብ የሚይዘው ቆየት ብሎ ነው። ማደር ከቻለ ይደር፤ ካልቻለ ጥቂት ሰዓት ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ይረፍ።

ላሚኔቱን ስታስገቡ ጥቅሉን አጥብቃችሁ አትያዙት። ሲገባ የተለጠጠ ላሚኔት በኋላ ወደ ልኩ መመለስ ስለሚፈልግ ስቲከሩ ወደ ላይ ይጠቀለላል፤ የተቆረጡት ማዕዘኖች ከጀርባው ወረቀት ይነሳሉ፣ የምላጩ መያዣም ሲያልፍ ያጥፋቸዋል። ጥቁር ቀለም ላይ አመድ የነሰነሱበት የሚመስል ነጭ ነጠብጣብ ካያችሁ ደግሞ በመሃል አየር ቀርቷል፤ የሮለሩን ጫና ጨምሩ፣ ፍጥነቱን ቀንሱ።

ላሚኔቱ ከቪኒሉ በዳር አልፎ ከወጣ፣ ያ ትርፍ ሙጫው ተጋልጦ ተጫኝ ጎማዎቹ ላይ ይለጠፋል። ስቲከሩ በአንድ በኩል ሲያዝ በሌላው ይሄዳል፤ ከዚያ «ፕሎተሩ ተጣሞ ይቆርጣል» ይባላል። ሁለቱንም ዳር በብረት ማስመሪያና በቢላ ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡት። የፊቱንም ጫፍ እንዲሁ።

6. መስመሩ ከሥዕሉ ሲሸሽ

ታትሞ በሚቆረጥ ሥራ ላይ ፕሎተሩ ቦታውን የሚያውቀው ማዕዘኖቹ ላይ በታተሙት ጥቁር ማርኮች ነው። በሴንሰር የሚያነብ ማሽን ብርሃን ልኮ የሚመለሰውን ያያል። አንጸባራቂ ላሚኔት ብርሃኑን እንደ መስታወት ስለሚመልሰው ጥቁሩን ከነጩ መለየት ያቅተዋል። ማሽኑ ማርኩን ደጋግሞ ይፈልግና ስህተት ብሎ ይቆማል፤ ወይም ይባስ ብሎ የተሳሳተ ቦታ ላይ «አገኘሁ» ይላል።

መፍትሔው ርካሽ ነው። ሲለጠፍ የማይታየውን ደብዛዛውን ስኮች በየማርኩ ላይ ለጥፉ፣ ነጸብራቁ ይጠፋል፣ ማርኩ ግን ይታያል። በጣት አጥብቃችሁ አሹት፤ አየር ከቀረበት ምንም አልሠራችሁም። ፕሎተሩ በመስታወት በር ወይም በመስኮት አጠገብ ከሆነ ፀሐይዋንም ከልክሉ። የእኔ ሱቅ ከጠዋቱ ሦስት እስከ አምስት ሰዓት ፀሐይ በቀጥታ ታገኘዋለች፤ በዚያ ሰዓት አንድ ካርቶን ማሽኑ ላይ አቆማለሁ። ማርኩ ላይ የላሚኔት ሽብሽብ ወይም አየር ካለ ደግሞ ስኮችም አይረዳውም።

ማርኮቹ ተነበው መስመሩ ግን ወደ መጨረሻው እየሸሸ ከሄደ ህትመቱ ራሱ ርዝመቱን ቀይሯል፤ በማተሚያው ሙቀት ወይም በላሚኔተሩ ጉተታ። ረጅም ሥራ ላይ 1000 ሚሊ ሜትር የሆነ መስመር በዳር በኩል አትሙና ከላሚኔት በኋላ በሜትር ለኩት። 997 ከሆነ 3 ሚሊ ሜትሩ ወዴት እንደሄደ አወቃችሁ። 3 ሜትር ሥራ በአንድ ላይ ከመላክ እያንዳንዱ የራሱ ማርክ ባለው ሦስት ክፍል ከፍሉት። ዲዛይኑም ላይ ቀለሙ ከመቁረጫው መስመር 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ወጣ ብሎ ይታተም፤ ትንሽ ቢሸሽ ነጭ ጠርዝ አይታይም።

ከዚያ አካሄዱ። ላሚኔት የተደረገ ጥቅል ይከብዳል፤ ማሽኑ ራሱ ከጥቅሉ እየጎተተ እንዲፈታ አትተዉት። ለሥራው የሚበቃውን ቀድማችሁ ፍቱና አላልታችሁ ተዉት። ተጫኝ ጎማዎቹ ከሻካራዎቹ ሮለሮች ትክክል በላይ መሆናቸውን እዩ፣ ሻካራዎቹን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ጥረጉ። ከመቁረጣችሁ በፊት ስቲከሩን የሥራውን ርዝመት ያህል ወደፊት አስኪዳችሁ መልሱት፤ በዳር ያለው ክፍተት ሲሄድም ሲመጣም እኩል ካልሆነ አውልቃችሁ እንደገና ጫኑ። መብራት መሃል ላይ ከሄደ ማሽኑ መነሻውን ይረሳል፤ ለፕሎተሩና ለኮምፒውተሩ አነስተኛ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚይዝ ባትሪ) ካላችሁ እዚህ ላይ ነው የሚከፍላችሁ።

7. ስትነቅሉ

ትርፉን ወደ ላይ አትጎትቱት። ወደ ራሱ ወደ ኋላ አጥፋችሁ፣ ወረቀቱን ሊነካ እስኪደርስ ዝቅ አድርጋችሁ፣ ቀስ ብላችሁ ሳቡት። ቁመታቸው ከ6 ሚሊ ሜትር ያነሱ ፊደላትን ላሚኔት አድርጎ አንድ በአንድ ማስቆረጥ ብዙ ጊዜ አያዋጣም፤ ደንበኛውን አሳምናችሁ በአንድ ቅርጽ ውስጥ አስገቧቸው። ሹል ማዕዘን ያለውንም 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር አድቦልቡሉት፣ ለቆረጣም ለነቀላም ይመቻል፣ ከተለጠፈም በኋላ ማዕዘኑ ቶሎ አይነሳም።

ልክ የሆነውን ስታገኙ፣ ከዚያው ላሚኔት አንድ ካሬ ቁራጭ ማሽኑ ጎን ለጥፉና በማርከር ጻፉበት። የእኔ የመጨረሻው እንዲህ ይላል፦ «አንጸባራቂ ፒቪሲ፣ ሰማያዊ ቆብ፣ 140፣ ፍጥነት 120፣ ኦፍሴት 0.5፣ ስኮች አትርሳ»።